ለሰሌዳው የተነገረ እርማት

ለክቡር ዶክተር ኤቪያታር፣
የኢኮኖሚክስ መግቢያ መምህር፣
ነታንያ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም አንገትዎ እንዴት ነው? ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳው ወደ እኛ ሳይዞር የከረመ አንገት ስለሆነ ደርቆ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ስለ ጀርባዎ ግን አልጠይቅም፤ ከፊትዎ ይልቅ እሱን በደንብ አውቀዋለሁና።

ይህን ደብዳቤ በዕብራይስጥ ልጽፍልዎ እችል ነበር፤ ዲግሪዬን ያገኘሁበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን ጋዜጣ ያወጣሁት ግን ሆነ ብዬ ነው። ምን እንደሚል ለማወቅ ከተማሪዎችዎ አንዱን ፊት ለፊትዎ አስቀምጠው «እባክህ፣ ቀስ ብለህ፣ ወደ እኔ ዞረህ ንገረኝ» ማለት ይኖርብዎታል። እንዲህ ያለውን ነገር የኮሌጁ ሰዎች «ሃትአማ» ይሉታል፤ እንደ ሰው ችግር ማመቻቸት ማለት ነው። እኔም የለመንኩዎ ይህንኑ ነበር።

ካላስታወሱኝ፣ ማናለሽ እባላለሁ፤ በእርስዎ የስም ዝርዝር ላይ በዕብራይስጥ ስሜ ሐጊት ነኝ። በሕፃንነቴ፣ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ባገኘኝ ሕመም አንድ ጆሮዬ ጨርሶ ጠፋ፤ ሌላው የበር መንኳኳትና የእናቴን ጩኸት ያህል ቀረለት። ከዚያ ወዲህ የምሰማው በዓይኔ ነው። የተናጋሪው ከንፈር ከታየኝ ዕብራይስጡም አማርኛውም አያመልጠኝም። በዚህ የተነሣ የሰፈራችን የኪርያት ኖርዳው ትልልቅ ሴቶች «ምን ዓይነቷ ዓይነ ደረቅ ናት! የትልቅ ሰው አፍ እንዲህ አፍጥጠው ያያሉ?» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። ቁጣቸውን አንዲት ቃል ሳልስት አንብቤዋለሁ። እነሱ ቢያንስ ሲሰድቡኝ ወደ እኔ ዞረው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ስለ ጨዋነትዎ። ኮሌጁ ለመምህራን ባዘጋጀው «የኢትዮጵያውያን ባህል» በሚባለው ገለጻ ላይ፣ እኛ ዓይን አፋሮች እንደሆንንና ዓይን ለዓይን መተያየት እንደሚያስጨንቀን ተነግሮዎት ኖሯል። ታዲያ አንዲት ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አፍ አፍዎን ስታይ ባገኟት ጊዜ፣ እንዳትጨነቅ ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩላት። ከንፈር ብለምን ጀርባ ሰጡኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስም ሲጠሩ ደግሞ ወረቀቱን አፍዎ ላይ ስለሚይዙት፣ አፍንጫዎ ሥር ተቀምጬ «ቀሪ» ተባልኩ።

፪ኛ፦ ስለ ቸርነትዎ። የተማሪዎች ቢሮ የመስማት ችግር እንዳለብኝ ገልጾ፣ ሲናገሩ ፊትዎን እንዲያሳዩኝ፣ በቃል የሚነገረውንም ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉልኝ ጠይቆልኝ ነበር። እርስዎም «ገባኝ፣ ኢትዮጵያዊት ናት» ብለው መዝገበ ቃላትና ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ፈቀዱልኝ። የታመመው ጆሮዬ፣ መድኃኒት የታዘዘው ለምላሴ።

፫ኛ፦ ስለ ፈተናው። የፈተናውን እኩሌታ የያዘው ጥያቄ «የዳቦ ዋጋ ሲቀንስ ምን ይሆናል?» ይላል። በመካከሉ ስህተት መኖሩ ትዝ አለዎትና «ሲቀንስ የሚለውን ሲጨምር በሉት» ብለው አወጁ። ጠመኔ በእጅዎ ነበር፤ ሰሌዳውም አፍንጫዎን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ነገር ግን አልጻፉበትም፣ ነገሩት እንጂ። ክፍሉ ሁሉ ሲሰርዝ እኔ አቀርቅሬ ዳቦውን አረክሳለሁ። በፈቀዱልኝ ተጨማሪ ሰዓትም ይበልጥ አረከስኩት። ወደቅሁ። ቢሮዎ መጥቼ አቤት ስል መልስዎ «እኔ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ያልሰማ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ብቻ ፊትዎን አዙረው ስለነበር፣ አንዷም ፊደል አላመለጠችኝም።

፬ኛ፦ ስለ እናቴ። ይግባኜን ከመወሰንዎ በፊት እናቴን አስጠሩ፤ በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው ሲባል ሰምተው ኖሯል። ሌሎቹ ተማሪዎች ግን ያለ እናታቸው ነው ይግባኝ የሚሉት። እናቴ ውባንቺ ትልቅ ሰው ፊት መቅረቧ ነውና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እርስዎ በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያያሉ። ሁለት ሰው ስለ እኔ ሲነጋገር የሚታየኝ ከንፈር አልነበረም። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለካስ እርስዎ «ትምህርቱን ትድገመው» ሲሉ፣ እሷ በዕብራይስጡም በአማርኛውም «ቤሴደር ጌታዬ፣ እሺ፣ እሺ» ትላለች። በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው እሺ ማለት «ሰምቻለሁ፤ ፊትዎ አልከራከርም፤ ቤቴ ገብቼ አስብበታለሁ» ማለት ነው። እርስዎ «ቤተሰቡ ተስማምቷል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ደጅ ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «ሰውዬውስ ደግ ይመስላል፤ ጀርባው ግን አላማረኝም» አለችኝ።

ትምህርቱን ደገምኩት፤ አንድ ዓመትም ሄደ። ሁለተኛውን ጊዜ ያስተማረችኝ ዶክተር ናአማ ግን በመጀመሪያው ቀን ለብቻዬ ጠርታ «ምን ይረዳሻል?» አለችኝ። እናቴን ሳይሆን እኔን መጠየቋ ነው። ከዚያ በኋላ ጽፋ ስትጨርስ ዞራ ትናገራለች፤ ከኋላ የተጠየቀውን ደግማ ትለዋለች፤ የፈተና እርማት ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ይኸው ነው። ሰማይ አልተደፋም፤ እኔም አለፍኩ።

አሁን ዲግሪዬን ይዤ፣ ቂሜንም አብሬ ይዤ መጻፌ ስለ ደምሰው ነው። ደምሰው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እንደኔው በዓይኑ ይሰማል፤ ከበዓላቱ በኋላ ትምህርት ሲከፈት እርስዎ ክፍል ይገባል። የእኔን ታሪክ ስለሚያውቅ፣ ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ልግባ እያለ ነው። ባለፈው የሕንፃችን ደረጃ ላይ አስቁሞኝ «እህት ማናለሽ፣ ሰውዬው ይዞራል?» አለኝ። ይኸው ጥያቄውን ወደ እርስዎ አስተላለፍኩት፤ ይዞራሉ?

ከመመለስዎ በፊት አንድ ዜና ልንገርዎ። ኮሌጁ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የሃትአማ አስተባባሪ አድርጎ ቀጥሮኛል። ያ የባህል ገለጻ ቀርቶ በቦታው ለመምህራን ስልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ፤ መቅረት አይቻልም፤ በመጨረሻውም ፈተና አለው። ስልጠናው የሚሰጠው የደምሰው የመጀመሪያ ትምህርት ባለቀ ማግስት ነው። እርስዎ ለእሱ ከዞሩ እኔም ለእርስዎ እዞራለሁ። ካልዞሩ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ለሰሌዳው ሰጥቼ አስተምራለሁ። ለፈተናው ግን አይስጉ፤ መዝገበ ቃላትና ተጨማሪ ሰዓት ፈቅጄልዎታለሁ።

እስከዚያው በደብዳቤዬ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከተሰኙም እሺ፤ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ያውቁታል።

ከፊት ወንበር ሆና ቀሪ የነበረችው፣
ጀርባዎን ከሩቅ የምትለየው አክባሪዎ፣
ማናለሽ ይርሳው
ኪርያት ኖርዳው፣ ነታንያ

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ «ክቡር» የሚለው ቃል በስህተት ታትሟል። ትክክለኛውን ቃል ዛሬ ጠዋት ባዶ ክፍልዎ ገብቼ ለሰሌዳው ነግሬዋለሁ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ያልሰማ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።