የኮሎኔሉ እንግዳ

ለምወድሽ እህቴ ለታቢታ፣ ፔንሲልቬንያ

ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጤናዬ ደኅና ነው።

የሜሪላንዱን ድንበር በከዋክብት ለክቼ ጨረስኩ። መስመሩ የመበለቷን የመርሲን እርሻ ከኮሎኔል ቶሮልድ ርስት ውጭ አደረገው። ኮሎኔሉ ካርታውን አይቶ ሳቀ።

«ጃቤዝ ወንድሜ፣ ኮከቦችህ ተሳስተዋል፤ እስቲ እንደገና ጠይቃቸው» አለኝ።

«ኮከብ ሐሳቡን አይቀይርም፣ ኮሎኔል።»

«እንግዲያስ እስኪቀይር ቤቴ ትቆያለህ!» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

መቼም እንግዳ አክባሪ ሰው ነው። የበቆሎ ቂጣውም የአሳማ ሥጋውም ሳይቋረጥ ይመጣልኛል። ፈረሴን ሰዎቹ «ትንሽ ትደልብ» ብለው ወደ ሌላ እርሻ ወስደዋታል። ብርድ እንዳይመታኝም መስኮቴን በሳንቃ ቸንክረውልኛል፤ ሙቀቱ ግን ሸሚዝ ያስወልቃል። ቴሌስኮፔ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሰማይ ካየሁ ሰንብቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ካርታው ላይ ፈረምኩ። መስመሩን አልነካሁትም። ኮሎኔሉ ዛሬ አልሳቀም፤ ቆይታዬ ሳይራዘም አይቀርም።

ለእናታችን፣ ለመከር እመጣለሁ ያልኩትን አታንሺላት። ጉልበቷን ሳሚልኝ። መልስሽን ሳታሽጊ ላኪው፤ እዚህ ያሉት ሰዎች ለመክፈት እንዳይቸገሩ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ ወንድምሽ
ጃቤዝ