ከግርጌ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ

ጥር 4
ሽንኩርት ዛሬም ረከሰ። ግማሹን ይዤ ተመለስኩ። ሙስዐብ በባጃጁ አደረሰኝና ምሳ ሳይቀምስ ወጣ። ልጄ የሆነ ነገር ይዞታል... ምን ይሆን?

ጥር 5
ገባኝ። መርሳ ባጃጅ ተራው ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የጎረቤት አገር ወታደር ነው አሉ፤ ፊቱን የጅብ አድርገው ስለውታል። ከጥርሱ ሥር የእኛ ካርታ። "መጡብህ! ተነስ፣ ተመዝገብ!"
ይኼን ጅብ አውቀዋለሁ። በ91ም ነበር። ኮፍያው ብቻ ነው የተቀየረ።

ጥር 6
ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈው።
ያኔ ሙስዐብ የአርባ ቀን ልጅ ነው። ባሌ ሙሐመድዘይን ፊደል አይለይም። እኔ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ፊደል ለቅሜ፣ ገና ማንበብ መቻሌ ነው። ያ የጅብ ወረቀት ሲለጠፍ፣ "እስቲ አንብቢልኝ" አለኝ፣ ሰው ፊት። ትልልቁን አነበብኩለት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከግርጌ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረች። ሰው ፊት መንተባተቡን ፈራሁ። "ይኼው ነው፣ አለቀ" አልኩት።
ተመዘገበ። አልተመለሰም።
ክረምት ላይ ወረቀቱን ዝናብ ሲያወርደው አንስቼ ግርጌውን አነበብኩ። "ሕፃን ልጅ ያለው አይመዘገብም።"
እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት።

ጥር 8
ሙስዐብ ሊመዘገብ ነው።
"እማየ፣ የዛሬ አራት ዓመት ጦርነቱ ደጃችን ሲደርስ ቆጥ ላይ ተደብቄያለሁ። ሁለተኛ አልደበቅም።"
"ካንተ ሌላ ማን አለኝ?"
"እሱ ነው እኮ የሚያስሄደኝ።"

ጥር 9
መነጽሬን ይዤ ሄድኩ። ግርጌውን ፈለግኩ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ባዶ ነው። ማንንም አላስቀሩም...
ጎረቤቴ ሁሪያ አንድ ልጇን ኡበይደላን እጁን ይዛ መጣች። ሁለቱም አያነቡም።
"ናጅዋ እቴ፣ በአላህ፣ ምን ይላል? ይኼ ጅል ካልሄድኩ ብሎ ገደለኝ።"
"ጅቡን ሳላየውማ አልቀርም" አለ እየሳቀ።
"ጅብ ካማረህ ሲመሽ ጓሮ ውጣ!"
አነበብኩላቸው። ሁሉንም። ከዚያ ጣቴን ባዶው ላይ አሳረፍኩ። "ለእናቱ አንድ የሆነ አይመዘገብም።"
አልተንተባተብኩም።
ቀና ስል ሙስዐብ ከባጃጁ ውስጥ ያየኛል።

ጥር 10
"የት አነበብሽው?" አለኝ ጠዋት።
ሳጥኑን ከፍቼ ያንን ወረቀት ሰጠሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ አነበበ።
"ቢያውቅ ይቀር ነበር?"
"እንጃ ልጄ... አላስመረጥኩትም።"
አጣጥፎ መለሰልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 13
ሙስዐብ ተመዝግቦ ወደ ወልድያ ሄደ። ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ለነሁሪያ አልነገርኩም። አይዞሽ" አለኝ።
ከሰዓት ሁሪያ መጣች። ኡበይደላ ቀርቷል። "አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ" ብላ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ምን ልበላት?
ፊደል ያልቆጠረው ቀረ። የኔን ያስቆጠርኩት እኔው ነኝ፤ እዚሁ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ጣቱን ይዤ።