የሰባተኛው ሚስማር አደራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ፈታሁት። ማንም አላየኝም።

እማዬ ወባዋ ስለተነሳባት ሙዚየሙን ዛሬም በእሷ ፈንታ እኔ ጠረግሁ። ጠባቂው አሚ ኢድሪስ፣ አጎቴ ኢድሪስ እንደማለት፣ ቁልፉን ለእማዬ ትተው ገዳሪፍ ሄደዋል፤ ነገ ይመለሳሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ጨረስሁ፦ የሰሊጥ ሚዛኑን፣ ማጭዶቹን፣ ውሃ ይያዝበት የነበረውን የፍየል ቆዳ፣ እንግሊዞች ጥለውት የሄዱትን ፋኖስ፣ እዚህ አገር መጀመሪያ የመጣውን ትራክተር ወንበር። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ብዙ አልቆይም። ግድግዳው ላይ ሃያ ሚስማር አለ፤ በየሚስማሩ አንድ የአቡጀዲ ጥቅል ተንጠልጥሏል። ከእኛ አገር ድንበር ተሻግረው ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ልብስ ነው። ባለቤቱ የሌለ ልብስ ተንጠልጥሎ ሳይ ደስ አይለኝም።

ሰባተኛው ሚስማር ስር ምስጥ አየሁ። የጭቃ መንገዱ ከወለሉ ተነስቶ ጥቅሉ ዘንድ ሊደርስ አንድ ስንዝር ነው የቀረው። ምስጥ ልብስ ሲጠጋ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ማውረድ፣ ማራገፍ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ቋጠሮው ግን አስቸገረኝ። እኛ ስንቋጥር አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እናዞራለን፤ ይኼ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ዞሮ ጫፉ ከስር ገብቷል። ጣቴ ደጋግሞ ተሳሳተ።

ውስጡ፦ ጥለቱ ቀይ የሆነ ጋቢ። ካኪ ቁምጣ። የእንጨት ማበጠሪያ። የተሰነጠቀ መስታወት። ምስጥ አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ አጣጥፌ በዚያው አቡጀዲ ጠቀለልሁትና እማዬ እንዳስተማረችኝ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርሁት። ምስጡ ላይ ላምባ አፈሰስሁ።

ጥሩ የሠራሁ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጥሩ አልሠራሁም።

አሚ ኢድሪስ ከገዳሪፍ ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ይዘው ከባሱ ወረዱ። አያ ዘለቀ ይባላሉ፤ ከመተማ በገላባት አድርገው የመጡ ናቸው። ዓረብኛ አያውቁም። አሚ ኢድሪስ ደግሞ አማርኛቸው «ደህና ነሽ» ላይ ያበቃል። እማዬ ተኝታለች። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንሁ። እኔ፣ ሱቅ ሄጄ ጨው ለመጠየቅ የምፈራው።

አያ ዘለቀ የመጡት ለወንድማቸው ለሞላ ነው። ለአጨዳ ብሎ ሲወጣ እሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሞቷል ብሎ የነገራቸው የለም፤ ይመጣል ያለም የለም። እናታቸው «ሬሳውን ሳላይ፣ ልብሱን ሳልይዝ አላለቅስም» እንዳሉ ሞቱ። አሁን ሁለት እህቶች ቀርተዋል፤ አንዷ ዓይኗ ጠፍቷል።

«ልብሱን ዘርግተን እናልቅስለት ብለን ነው» አሉ። «እናታችን የፈተለችው ጋቢ ነበረው። ጥለቱ ቀይ።»

ይኼን በዓረብኛ ስናገር ሰኞ የፈታሁት ጋቢ ዓይኔ ላይ መጣ።

ከዚያ አሚ ኢድሪስ የቤቱን ታሪክ ነገሯቸው። ይኼ ቤት ድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር፤ የአሚ ኢድሪስ አባት ዘበኛው ነበሩ። አጫጆቹ ወደ እርሻ ሲወጡ የክት ልብሳቸውን እሳቸው ዘንድ አደራ ይተዋሉ። ዘበኛው አማርኛ አይጽፉም፤ አጫጆቹ ዓረብኛ አይጽፉም። ስምም አያስተማምንም፤ ድንበር ሲሻገሩ ብዙዎቹ ስም ይለውጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «በአባትህ ቤት አስተሳሰር ቋጥረው» ይሉታል። ሊወስድ የሚመጣ ሰው፣ ራሱም ይሁን ወንድሙ ወይ ልጁ፣ መጀመሪያ ሌላ ጨርቅ ይቋጥራል። ቋጠሮው ከገጠመ አደራው የእሱ ነው። ሰላሳ የሚሆኑ እንዲህ ተወስደዋል፤ ሃያ ቀርተዋል፤ ቤቱም በእነሱ ምክንያት ሙዚየም ሆነ።

«ቋጠሮው የሰውየው ፊርማ ነው» አሉ። «አባቴ አንዱንም ፈትቶ አያውቅም። እኔም።»

ይኼን ሁሉ በራሴ አፍ ወደ አማርኛ መለስሁት።

እኔንና እማዬን «ጥቅሎቹን አትንኩ» እንዳሉን አውቃለሁ። ለመስረቅ ማለታቸው ነበር የመሰለኝ።

የቋጠሮው ፈተና ሐሙስ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ይቀመጣሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አልተኛሁም። ጠዋት ለእማዬ ነገርኋት። ብርድ ልብሱን ገልጣ ቀና አለች።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ዝም በይ። ለጽዳቱ ብለው ከሰጡን ክፍል ቢያስወጡን የት እንገባለን? ጦርነቱን ፈርቶ ከካርቱም የሸሸው ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተደራርቦ ነው የሚያድረው። ይችን ክፍል የሚመኝ ስንት ነው?»

«አያ ዘለቀስ?»

«ስንት ዓመት ኖረዋል እኮ ያለሱ» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያለችውን እሷም አልወደደችውም።

ያሰብሁት፦
በድብቅ ገብቼ ወደ ግራ አድርጌ ልቋጥረው። አይሆንም፤ እንግዳው ከመጡ ወዲህ ቁልፉን አሚ ኢድሪስ አንገታቸው ላይ አስረውታል።
ለአያ ዘለቀ ብቻ ልንገራቸው። ያኔ እኔ እንዳሰርሁት አድርገው ይቋጥራሉ፤ ይገጥማል። ግን ያ ማጭበርበር ነው፤ ሐሰተኛ የሚሆኑትም እሳቸው ናቸው።
ለአሚ ኢድሪስ ልንገር። እግሬ አይሄድም።

አያ ዘለቀ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። ውሃ ስሰጣቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንች ልጅ፣ ሳታስተረጉሚ አትናገሪም እንዴ? አፍሽንም ለኢድሪስ አደራ ሰጥተሽዋል?»

ሳቅሁ። ከዚያ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ጠበቁኝ፤ «ውሃ ልጨምርልዎ?» አልሁ።

«ጨምሪ እንጂ» አሉ። ጣሳው ሙሉ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንደኛው የመስጊዱ ጎረቤት ነው፣ ሁለተኛው የማሽላ ነጋዴ። ለአያ ዘለቀ ቁራጭ አቡጀዲ ተሰጣቸው። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ግን ፈጣን ነው። ሁለት ዙር፣ ጫፉ ከስር። ወደ ቀኝ።

አሚ ኢድሪስ ያንን ይዘው ከመጀመሪያው ሚስማር ጀመሩ። እያንዳንዱ ዘንድ ይቆማሉ፣ መነጽራቸውን ያነሳሉ፣ ያልፋሉ። ሰባተኛው ዘንድ ደረሱ። የእኔን ቋጠሮ አዩት። አለፉት። እስከ ሃያኛው ሄዱና ተመለሱ።

«የለም በያቸው፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «አላህ ያጽናዎት በያቸው።»

አያ ዘለቀ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «የለም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። እሱን ብል ሁሉም ያልቃል፤ እኛም ክፍላችን ውስጥ እንኖራለን። እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ለእህቶቻቸው ምን ይላሉ?

«ሰባተኛውን ፈትቼዋለሁ» አልሁ፤ መጀመሪያ በዓረብኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። «ምስጥ መጥቶ ነበር። ያለው ቋጠሮ የእኔ ነው።»

አሚ ኢድሪስ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና «ስንቱን ፈታሽ?» አሉ።

«እሱን ብቻ።»

«ቀድሞ እንዴት ታስሮ ነበር? ቋጥረሽ አሳዪኝ።»

አራት ሽማግሌ እያየኝ ጨርቁን አነሳሁ። የመጀመሪያው ተበላሸ። ያኔ በሕይወቴ ብዬ የማላውቀውን አልሁ፦ «እባካችሁ ዞር በሉልኝ።» አያ ዘለቀ ቀድመው ዞሩ። ሌሎቹም ዞሩ። ሲፈታ ጣቴ የሄደበትን መንገድ ወደ ኋላ መለስሁት።

አሚ ኢድሪስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ዙሩ ሁለት፣ ጫፉ ከስር። ግን የአያ ዘለቀ ወደ ቀኝ፣ የእኔ ወደ ግራ።

«አይገጥምም» አሉ።

«ልጅቱ አዝናላቸው የፈጠረችው ነው» አለ ነጋዴው። «መፍጠሩንም አላወቀችበትም።»

ይኼ ደብተር ትዝ አለኝ፤ ሰኞ ጽፌዋለሁ። ግን ከእነሱ መሃል አማርኛ የሚያነብ የለም።

«ምን አሉ?» አሉኝ አያ ዘለቀ።

«አይገጥምም ነው የሚሉት። የእርስዎ ወደ ቀኝ ነው፤ የጥቅሉ ወደ ግራ ነበር።»

«ወደ ምን?»

«ወደ ግራ።»

ሁለቱን ጨርቆች አንስተው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ሞላ ግራኝ ነበር» አሉ። «እናታችን ግራ እጁን በመቀነቷ እያሰረች በቀኝህ ጉረስ ትለው ነበር። አባታችን ሞላ ጭነት ሲያስር እያየው ይስቃል፦ የሞላን ቋጠሮ ሌባ ቢያገኘው እስኪነጋ አይፈታውም፣ ይላል። ረስቼው ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት ረስቼው ነበር።»

ተረጎምሁ።

አሚ ኢድሪስ ነጋዴውን አዩት። «ግራ ያለችው እሷ ቀድማ ነው» አሉ። «እሳቸው ከመናገራቸው በፊት።»

ጥቅሉ ሲፈታ ጋቢው ወጣ፤ ቀይ ጥለት። አያ ዘለቀ ጥለቱን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ሙዚየሙ ዝግ ነው። አሚ ኢድሪስ አላናገሩኝም። ሲያልፉ ሰላም አልኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዬ ዛሬ ተነሳች። አልተቆጣችኝም፤ ግን ሳጥናችንን ከአልጋ ስር አውጥታ አቧራውን ጠረገችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ደጋግሜ የማስበው፦ ምስጡን አይቼ ዝም ብል ልብሱ ይበላ ነበር። ባልፈታው ደግሞ አሚ ኢድሪስ ራሳቸው ግራውን አይተው አይገጥምም ይሉ ነበር። ከዚያ ማን ሞላ ግራኝ ነው ይል ነበር? ይኼ ጥፋቴን ያቀልል አያቅልል አላውቅም። አሚ ኢድሪስ እንዲህ የሚያስቡት አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አያ ዘለቀ ሄዱ።

ባሱ ሳይመጣ ጥቅሉን ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። እማዬ ወንበር ብትሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«እሰሪልኝ» አሉኝ። «እንደ ሞላ። እኔ ብሞክር ቀኜ እምቢ አለኝ። እህቶቼ ናቸው የሚፈቱት፤ ዓይኗ የጠፋው በጣቷ ታውቀዋለች።»

ዛሬ ዞር በሉ አላልሁም። አጠገቤ ቆመው እያዩኝ አሰርሁት። ሁለቴ ወደ ግራ፣ ጫፉ ከስር።

«አፍሽን ከአደራ አወጣሽው» አሉ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

ባሱ ሲወጣ አሚ ኢድሪስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው፤ ለእማዬ አልመለሱላትም። ግን አዲስ ደብተርና እርሳስ ዘረጉልኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል» አሉ። «ሳትነኪ፣ በዓይንሽ ብቻ። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሳዪው፤ ስንት ዙር፣ በየት በኩል። እኔ እቆማለሁ።»

«ክፍላችንስ?» አልሁ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«መጀመሪያ ሳዪ» አሉ።

ዛሬ ሦስት ሳልሁ። እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከእጄ አላነሱም። ሰባተኛው ሚስማር ባዶ ነው፤ ከስሩ ላምባ ያፈሰስሁበት ግድግዳ ጠቁሯል። እማዬ ሳጥኑን ከአልጋ ስር አልመለሰችውም።

ገላባት ላይ ድንበሩ ዛሬ ክፍት ይሁን አይሁን አላውቅም። አያ ዘለቀ ባሱ ውስጥ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ቋጠሮውን ሸፍነው ነበር።