ጄኔራሏ አልጋ አራት ላይ

ጥቅምት 4

ከአሥሩ አልጋ ስምንቱ ሙሉ። አልጋ ሁለትን በግራ ጎኑ አገላበጥነው፤ የጀርባው ቁስል ጠገግ ብሏል። አልጋ ሰባት ጠዋት አረፈች። ፍራሹ ተወልውሎ፣ አንሶላው ተቀይሮ ከምሳ በፊት ዝግጁ ነበር። እዚህ ክፍል የገባ ድኖ አይወጣም... አንናገረውም፣ ሁላችንም ግን እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ታማሚ መጣች። የቆሽት ካንሰር። ካርዱ ላይ ያለውን ስም ደግሜ አነበብኩ። ጄኔራሏ! ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ ስጀምር፣ የነርሶች አለቃዬ የነበረችው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። እዚህ ደብተር ላይ "አለች" እላለሁ እንጂ ፊት ለፊት "አንቺ" ብላት ምላሴን ትቆርጠዋለች።

አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ዓይኗ ግን ያው ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ወፍረሻል" አለች። ሰላምታዋ ይኸው።

ጥቅምት 5

"ዕድሜ ልኬን ቆሽቴን ስታሳርሩት ኖራችሁ፣ ይኸው ካንሰር ሆነ" አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው? "ሦስት።" ግንባሯ በላብ ተጠምቋል። ለሕመሙ ማስታገሻ ሞርፊን ታዞላታል፣ በአፍ የሚወሰደው ሽሮፕ። እምቢ አለች። "እሱ የመጨረሻ መድኃኒት ነው። እኔ ገና ነኝ።"

ልጇ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። አንድ ልጇ ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ። "ሲስተር፣ እባክዎ እንዳይሰጧት። ጎረቤታችን እሱን ወስደው በማግስቱ ሞቱ።" የሞቱት በበሽታው እንጂ በሽሮፑ እንዳልሆነ አስረዳሁት። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አተነፋፈሷን እንከታተላለን... ራሱን ነቀነቀ። በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

የእሱስ አይገርመኝም። ነርስ የነበረች ሰው ግን እንዴት ሽሮፕ ትፈራለች?

ጥቅምት 8

ዛሬም "ሦስት"። አንሶላውን ነክሳ።

ጥቅምት 9

ጀርባዋን ላጥባት ሳገላብጣት ጮኸች። ክፍሉ በሙሉ ፀጥ አለ። አልጋ ሁለት እንኳ ማቃሰቱን አቆመ። መጋረጃውን ሳብኩ።

"ሰሙኝ?" አለች።

"ሰሙ። አሁን ስንት ነው?"

መጋረጃው መዘጋቱን አየች። "ዘጠኝ።"

"ልስጥዎት?"

"እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር።"

"የዛሬዋ ተረኛ ግን እኔ ነኝ፣ ሲስተር።"

አፈጠጠችብኝ። አበቃልኝ አልኩ። "መጠኑን ጮክ ብለሽ አንብቢ" አለች። አነበብኩ። ጠርሙሱን ተቀብላ ራሷ አረጋገጠች። ዋጠችው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንሶላውን የጨመደደው እጇ ተፈታ። አፏን ከፍታ ተኛች። ልጇ መጣ። ተኝታ አያት። የያዘው ፌስታል ከእጁ ወደቀ።

"ገደላችኋት!"

አንድ ዓይኗን ገለጠች። "አትጩህ። ሰው ተኝቷል።"

ጥቅምት 12

በየአራት ሰዓቱ ትወስዳለች። ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣች። ልጇ ጺሙን ተላጭቶ መጥቷል፣ ትራሷን ያስተካክላል። ሲወጣ ጠብቃ ጠራችኝ።

"ያ አናጢ ትዝ ይልሻል?"

እንዴት አይለኝ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የአጥንት ካንሰር፣ መስኮቱ አጠገብ። የማስታገሻ ያለህ እያለ ሦስት ቀን ለመነን። የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ እሷ ኪስ ውስጥ ነበር።

"ይለምድበታል አልኳችሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሚሞት ሰው ምኑን ይለምዳል?"

ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሠራው፣ ልላት አሰብኩ።

"ሕመሙ ሲለቀኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው" አለች። "ምን እንደከለከልኩት ገና አሁን ቀመስኩት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺስ ያኔ ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"ለምን?"

"እፈራዎት ነበር።"

"እንግዲያው የከለከልነው ሁለታችንም ነን" አለች።

ጥቅምት 13

የዕረፍት ቀኔ። ልብስ አጠብኩ። የአናጢው ሚስት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና... ይህን እስከ ዛሬ የት ደብቄው ኖሬ ነው? ልብሱ ሳይደርቅ ዘነበበት።

ጥቅምት 17

ልጇን ሽሮፕ አለካክ ታስተምረዋለች። "የሒሳብ አስተማሪ ሆነህ አምስት ሚሊ ሊትር ያቅትሃል?" ሳቀ። አንሶላው ላይ አፈሰሰ። "ድገም" አለችው። ሦስተኛው ላይ ተሳካለት። እሱ ሲሰጣት አፏን እንደ ሕፃን ከፈተች። ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ። ሥራ ግን አልነበረኝም።

ጥቅምት 24

ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ አረፈች። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አልነቃችም። ከንፈሯን በእርጥብ ፋሻ እያረጠብን ነበር። ልጇ እጇን እንደያዘ፣ "አመማት?" አለኝ።

"አላመማትም።"

ይህን ለስንት ቤተሰብ ብያለሁ። ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። ዛሬ ነበር።

አጠብኳት። ፎርሙን ሞላሁ። አልጋ ሁለትን አገላበጥኩ። አላለቀስኩም።

ኅዳር 3

አንድ ጫማ ሰፊ ገብቷል፣ የሳንባ ካንሰር ነው። ሲጠየቅ "ደህና ነኝ" ይላል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ የእግሩ ጣቶች ኩርምት ብለዋል። ዶክተሩ ካርዱን እያገላበጠ፣ "ሞርፊኑ ዛሬ ይቆይና ነገ እናየዋለን" አለ።

"ነገ አይሆንም፣ ዶክተር።"

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። አብረውት የሚዞሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"ምን አልሽ?"

"አሁን ነው የሚያመው። አሁን ይዘዙለት።"

እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጫማ ሰፊውን አየ፣ እኔን አየ። ጻፈ።

መጠኑን ጮክ ብዬ አንብቤ ሽሮፑን ለካሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዶክተር ፊት "አይሆንም" ስል የመጀመሪያዬ ነው። ጫማ ሰፊውን ከምሳ በፊት እንቅልፍ ወሰደው።