ስሙኒው ያለበት እጅ

ይህን ብዕር የያዘችው እጅ የዕድላዊት ናት፤ ከውጪው በር አጠገብ ያለውን ክፍላችንን የተከራየችው፣ ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ። እጁ የሷ ይሁን እንጂ አፉ የኔ የአባትሽ የመገርሳ ነው። ትንሽ ላሳምርልዎ ወይ ብላኝ ነበር፣ እምቢ ብያታለሁ። ያልኩትን እንዳልኩት ትጽፋለች፤ የሚያምር ነገር ካማራት ለራሷ እናት ትጻፍ። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ቤት ናት፣ እኔም ይዣታለሁ።

ጠጅቱ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፣ አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ፣ ያ የሚጠዘጥዝሽ ጥርስሽ እንዴት ሆነልሽ? የጎዴ ሙቀት በረድ አላለም ወይ? ውኃውን አፍልተሽ ነው የምትጠጪው ወይስ እንደ ልማድሽ ችኩል ነሽ? የምታዋልጃቸው እናቶች በሰላም ይገላገላሉ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ እሱ ያማል፣ እኔ አልሰማውም። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ቡሬ ናት። ልጅሽ ጂጂም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጸጉሯን ዕድላዊት ትሠራታለች።

አሁን ክፉውን ልናገር፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልም። ባልሽ ገመቺስ ቤት የለም። በስልክ ስትጠይቂኝ ሱሉልታ የሰው ቤት በርና መስኮት ሊገጥም ሄዷል ያልኩሽ ለስልኩ ያልኩት ነው፤ በስልክ የምናወራው ሁለታችን ብቻ አይደለንም። ሞቷል አላልኩሽም። አለ ማለትም አልችልም። ከገና በፊት ጀምሮ የለም። ተቀመጪና ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥለሽ አንብቢ። ልጅሽ ያለችበትን ነገር እንዲገባሽ ግን ከስሙኒው መጀመር አለብኝ።

ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ሊውጥ ነው ተብሎ አገሩ የተነሣ ጊዜ፣ አስፋልቱ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ የሞላበት፣ ትምህርት ቤትም የተዘጋ ሰሞን፣ አባ፣ ጂጂ ከግቢ እንዳትወጣ፣ በሆነ ነገር ያዟት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በምን ልያዛት? ተረቴን ሁሉ ጨርሳዋለች፤ ገና ጅቡ ሳይመጣ ጅቡ ምን እንደሚል ትነግረኛለች። ስለዚህ የሳንቲም ምትሃት ላስተምራት አሰብኩ። አትሳቂ። በጃንሆይ ጊዜ ተፍኪ ገበያ ላይ ቦጂያ የሚሉት ሰው ነበር፤ በአንድ ሳንቲም የገበያውን ሰው ሁሉ አፍ የሚያስከፍት። በቅሎውን እየጠበቅሁለት አንድ በጋ አብሬው ዞሬያለሁ፣ እጁን የሚያንቀሳቅስበትን ሁሉ ለቅሜበታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ እጄ መሃይም አይደለም።

ለልጅ የሚሆነውን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚዋጠውን ተውኩት፤ ሳንቲም ልጅ አፍ ውስጥ አይገባም። በመዳፍ ሥጋ ቆንጥጠው የሚይዙትንም ተውኩት፤ የሷ መዳፍ ገና ሥጋ አላወጣም፣ ሳንቲሙ ይወድቅባታል። ዐሥር ሳንቲም በጣት መካከል ይሾልካል። የብሩ ሳንቲም ደግሞ ትልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ያሳብቃል። የልጅ ስሙኒ ነው። በቀኝ እጅሽ ይዘሽ ለግራው የሰጠሽ ትመስያለሽ፣ ግን አትሰጪም። ከዚያ ባዶውን ግራሽን ጨብጠሽ እሱን እሱን ታያለሽ። ሰው አንቺ ወዳየሽበት ያያል፤ ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። እሱን ስትለምድ ክርን ላይ እያሹ አንገትጌ ውስጥ መጣሉን፣ ከዚያ ከጆሮ ሥር ማውጣቱን አሳየኋት። ቶሎ ያዘችው። ጣቷ የኔ ነው።

ምትሃት ግን ቃል ይፈልጋል። ቦጂያ በማይታወቅ ቋንቋ ያጉረመርም ነበር፤ እኔ እንዲያ ያለውን አልወድም፣ ሰው ድግምት ነው ይላል። ስለዚህ ሳንቲሙን ስንሰውረው ጥፋ እንበለው፣ ስናመጣው ና እንበለው አልኳት። ጣቴን እየፈለቀቀች ስታስቸግረኝ ጊዜ ደግሞ ከራሴ ሕግ ጨመርኩ፤ ጥፋ ያለው ሰው ራሱ ና ካላለ የጠፋው አይመጣም አልኳት። ጨዋታ ነዋ። ሰሞኑን ሁሉ ከኔም ከሷም አፍ የሚወጣው እሱ ነበር፤ ጥፋ፣ ና፣ ጥፋ፣ ና።

ነገሩ የሆነ ዕለት ጧት መንገዱ ጭር ብሏል። ታክሲ የለም፣ ሱቅ አልተከፈተም፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ቡራዩን እንዲያ ሆና ሰምቻት አላውቅም፤ ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ጭብጨባ አጨብጭቤ ሞከርኩት። መብራት ስላልነበረ ገመቺስ ብየዳውን ትቶ ግቢ ውስጥ የበር ማጠፊያ በሞረድ ይሞርዳል። ጂጂ አጠገቤ ነበረች። ድንገት የውጪውን በር በጫማ መቱት። ወጣት እየለቀሙ እንደሆነ ሰምተናል። ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለገመቺስ ጥፋ አልኩት። እኔና እሱ የምናወራው በኦሮምኛ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሚሊቂ ብዬው ቢሆን፣ እሱ አምልጥ ማለት ብቻ ነው፣ የልጅቱ ነገር ባልመጣ። ግን አፌ ላይ የሰነበተው ቃል ቀደመኝ። ዞር ስል ሞረዱ መሬት ላይ ነበር፣ ገመቺስ አልነበረም።

ሰዎቹ ገቡ፣ አልጋ ገለበጡ፣ የእህል ጎተራውን በረበሩ፣ ሄዱ። እኔ ልቤ ሞልቶ ነበር፤ አመለጣቸው ብዬ። ከኋላው አጥር ማዶ የሽምብራ ማሳ ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ወፍ ብታርፍበት ይታወቃል። ዱካውን ላጠፋለት ሄድኩ። የማጠፋው ዱካ የለም። ከዳር እስከ ዳር አየሁት፣ የሰው እግር አልነካውም። የጠፋ ከብት በዱካ ስከተል ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ እኔን ዱካ አያመልጠኝም። ወደ ግቢ ስመለስ ጂጂ ስሙኒዋን እንደጨበጠች፣ ጭብጧን በሌላው መዳፏ እየመታች ታጨበጭባለች። ይህን የሚያህል ምትሃት አይታ አታውቅማ።

እራት ሲቀርብ ከትሪው ላይ የአባቷን ድርሻ ከፍላ አስቀመጠች። አካኮ፣ አያቴ፣ በቃ አሁን ና ይበሉት አለችኝ። ነገ አልኳት። ያ ነገ አላልቅ አለኝ። ጧት ዓይኔን ስገልጥ ራስጌዬ ቆማ አገኛታለሁ። አታለቅስም። እጅጌዬን ትፈትሻለች፣ አንገትጌዬን ትፈትሻለች፣ ጆሮዬን ገልጣ ከሥሩ ታያለች። የምትፈልገው ስሙኒ አይደለም።

ጎረቤታችን የወይንሐረግን ታውቂያታለሽ። ልጇ ኤርምያስ ያን ሰሞን ተወስዶባት ነበር። አንድ ቀን ጂጂ በራችን ላይ ለሰፈር ልጆች ምትሃቷን ስታሳይ ቆማ አየቻት፣ ከዚያ በቀልድ ይሁን በእውነት እንጃ፣ እስቲ የኔንም ልጅ ና በይልኝ ጂጂዬ አለቻት። ልጅሽ ምን ብትላት ጥሩ ነው? እኔ አልችልም፣ እሱን ጥፋ ያለው ማን ነው አለቻት። የወይንሐረግ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለካ በተያዘበት ጧት ስልኩን ሲጎረጉር አናዷት፣ ከፊቴ ጥፋ ስትለው ነው የወጣው። እናት በቀን ስንቴ የምትለው ነገር ነው። ተነሣችና ወደ አስፋልቱ ዞራ ና አለች። አልጮኸችም፤ ምሳ ቀርቧል ለማለት እንደሚጠሩት ነው የጠራችው። በማግስቱ ኤርምያስ መጣ። ጸጉሩ ተላጭቶ፣ እያነከሰ፣ ፀሐይ ላይ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት መጣ። ዓይኑን ሸፍነው ስለያዙት የት እንደነበር አያውቅም፤ ሆለታ ላይ እንደሚሸተው የአበባ እርሻ መድኃኒት ይሸት ነበር ብቻ ይላል።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን እናቶች ብታያቸው። ጥፋ ያላለች የለችም። አንዷ ከዓይኔ ጥፋ ብላለች፣ አንዷ ከዚህ ቤት ጥፋልኝ ብላለች፣ አንዷ እንደኔ ለማዳን ብላለች። ታክሲዎች ሠራተኛ ይዘው ይመለሱበት በነበረው ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በየበራቸው ይቆማሉ። ስም አይጠሩም፤ ስም መጥራት ያስፈራል። ና ብቻ ይላሉ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ ብለው፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ፣ ግማሹ በአማርኛ ና፣ ግማሹ በኦሮምኛ ኮቱ። ነፋስ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲያልፍ ይመስላል። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ ይህ ምልክት ምንድን ነው፣ ማንን ነው የሚጠሩት ብሎ ጠየቀኝ። ጥጃ ነው የሚጠሩት አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ጥጃ ጠፋበት ወይ አለኝ። አዎ ጠፋበት አልኩት። ከዚያ ሄደ። የሱም ታናሽ ወንድም የለም ይላሉ።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው ደግሞ በሬዲዮ ተናገሩ። ወረቀት ሲቀር ይነገራል። በሱ የተነሣ የቀረውን ሰው ግን የሚናገር የለም።

እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ሕጉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ የገዛ ውሸቴን አላምንም። ቢሆንም ዕድላዊት ጂጂን ቤተ ክርስቲያን ይዛት የሄደች ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላው አጥር ሄጄ ና አልኩ። ይኸው፣ ዕድላዊት ብዕሩን አቁማ እያየችኝ ነው፤ ጻፊ ብያታለሁ። ማሳው ዝም አለ። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ የማላውቀው ግራጫ ውሻ ከሽምብራው ውስጥ ተነሣ። በቀጥታ ወደኔ መጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ፣ ሞረዱ ወድቆ ከነበረበት ቦታ አጠገብ ተቀመጠ። እስከዛሬ አልሄደም። ድንጋይ ብወረውርበት አይነሣም፣ አይጮህምም። ጂጂ ለአባቷ የከፈለችውን ድርሻ ለሱ ትሰጠዋለች፣ ስም ግን አታወጣለትም። ጅብ በዱላ የመለስኩ ሰው ነኝ፤ ለዚያ ውሻ ግን ጀርባዬን አልሰጥም።

በቃ ይህ ነገር ይቁም አልኩ። ትናንት፣ በማርያም ዕለት፣ ጂጂን ፊቴ አስቀምጬ ምስጢሩን አሳየኋት። ሁለቱንም እጆቼን ከፈትኩላት። ስሙኒው የትም አልሄደም፣ ሁልጊዜ ቀኝ እጄ ውስጥ ነው፤ እኔ ወደ ግራው ሳይ አንቺም ወደ ግራው ስለምታዪ ነው፣ የሚጠፋ ነገር የለም አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እጆቼን ገለባብጣ አየች። ያን ቀን አካኮ ወደ በሩ ነበር የሚያዩት አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔም ወደ በሩ ነበር የማየው አለች። አዎ አልኳት። ታዲያ አባቢ በማን እጅ ነው አለችኝ።

ጠጅቱ፣ ተነሥቼ ግቢውን ስዞር ትዝ አለኝ። ያን ዕለት በሩ ሲመታ፣ ከማሳው ጎን፣ በአጥሩ ጥግ በሚያልፈው የኋላ መንገድ የሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ። ወፍጮ ቤቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ በዚያ ቀን ዝግ ነበር፤ በምን መብራት ይፈጫል? እኛ ሁላችን በሩን ስናይ ገመቺስ አጥሩን ሲዘል መንገዱ ላይ ቆመው ተቀብለውታል። ማሳውን አልረገጠም፤ ዱካ ያጣሁት ለዚህ ነው። ሰው አልጠፋም። ሰው በሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ነገ ሰኞ ሆለታ እሄዳለሁ። ታክሲ ካለ በታክሲ፣ ከሌለ በእግሬ። ያ መድኃኒት የሚሸትበትን በር ሁሉ አንኳኳለሁ፣ እጃችሁን ክፈቱ እላቸዋለሁ። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም። ዕድላዊት ከትናንት ጀምሮ አይሂዱ እያለች ትለምነኛለች፤ ሽማግሌ ምን ይሠራላቸዋል አልኳት። ኤርምያስስ ምን ይሠራላቸው ነበር አለችኝ። እሷም አፍ አላት።

አንቺ ግን ፈቃድ ጠይቀሽ ልጅሽን ውሰጃት። ሙቀቱ ይጎዳታል እንዳትዪኝ፤ ጥላ ሥር አስቀምጪያት። እስከ ሐሙስ ካልተመለስኩ ጂጂን ዕድላዊት እንደ እህት ትይዝልሻለች፣ ተስማምተናል፣ ላሟንም የወይንሐረግ ታልብልኛለች። አንቺን ከዚህ ቤት ጥፊ ያለሽ ማንም የለም፤ ስለዚህ ማንም ሊጠራሽ ይችላል። ነይ።

አብራሽ ለምትኖረው ለሩሃማ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፣ የላከችልኝን የጉልበት ቅባት ቀብቼዋለሁ፣ አልረባኝም፣ ግን አመሰግናለሁ። ለቤት አከራይሽ ለእማማ ሚርያምም ሰላም በይልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ዲኖ ነው፤ ምግብ ሳይበላ እንዳትለቂው። የወይንሐረግ ትስምሻለች። ኤርምያስ ከቤት አይወጣም፣ ግን ሰላም በሉልኝ ብሏል። ዕድላዊት የራሷን ሰላምታ በራሷ ቃል ከታች ትጨምር፣ ፈቅጃለሁ። ጂጂ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለእማዬ ምን ልበልልሽ ብላት ሁለቱንም እጇን ከፍታ አሳየችኝ። እንዲህ ብለው ያጽፉ ማለቷ ይሆናል።

አባትሽ መገርሳ
ቡራዩ፣ ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

አሁን ዕድላዊት፣ ካፌ የወጣውን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ልጅቱ ከበሩ ኋላ ናት። ያቺ ሰው የምታጠፋ ቃል ጋ ስትደርሺ ዝለያት፤ ነገ መንገደኛ ነኝ።