ፍም ላይ የተጣለው ሰማያዊ ጥብጣብ

ላይደን፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1663

ለልጄ ለሊቨን፣ አምስተርዳም

ሞት አፋፍ ላይ ያለች እህትህን በሥዕል አርግዛለች ብለህ የሰካራም መሳቂያ አደረግሃት፤ እኔን አባትህንም ከወንበሯ ኋላ አፉን የከፈተ ጅል አድርገህ አቆምከኝ። አልተሳሳትኩም፤ ጥጉ ላይ ስምህን ጽፈህበታል።

ባለፈው ፀደይ ልትጠይቃት መጥተህ፣ ዶክተሩ የደም ሥሯን ሲያዳምጥ፣ የሽንቷን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያይ፣ አንተ ጥግ ተቀምጠህ በከሰል ትነድፍ ነበር። ማክቴልት «ወንድሜ ሊያስታውሰኝ ነው» ብላ ሳሏን አፍና ተቀመጠችልህ። ሳንባዋ አልቋል፣ ክረምቱን አታልፍም ሲባል አንተም ሰምተሃል። ከዚያ ወዲያ የቀራት ስሟ ብቻ ነበር።

በዚህ ወር መጀመሪያ የከተማችን በዓል ገበያ በተከፈተ ቀን ሥጋ ሻጩ ሩትኸር ድልድዩ ላይ አገኘኝ። ባርኔጣውን አውልቆ «አባባ ኸይስብርት! አያት ሊሆኑ ነው አሉ፤ ቢራ አይጋብዙንም እንዴ?» አለኝ። አልገባኝም። እየሳቀ ክንዴን ይዞ ወደ ቮውተር መጠጥ ቤት ጎተተኝ።

ቮውተር ሥዕልህን አምስተርዳም ገዝቶ፣ ሰው ሁሉ ፊታችንን በሚያውቅበት ሰፈር ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል። እኔ ማንበብን ብቻዬን የተማርኩ ሸማኔ ነኝ፤ ያንን ለማንበብ ግን ፊደል አያስፈልግም። እግሯ ሥር ባለው የፍም ሸክላ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ሲጨስ ሥለሃል። ሽንቷ የነካው ጥብጣብ ሲቃጠል ሽታው ያቅለሸለሻት ሴት አርግዛለች፤ ይህን ላይደን ውስጥ የማያውቅ የለም። ቤታችን ውስጥ ግን ጥብጣብ ተቃጥሎ አያውቅም። ከራስህ አምጥተህ የጨመርከው ነው።

«ዶክተሩን እዩት! የልጁን አባት ብልቃጡ ውስጥ እየፈለገ ነው!» አለ አንዱ።

«ሽማግሌውማ ምኑን ያያል» አለ ሩትኸር። «ሸማኔ ከመወርወሪያው ሌላ መች አይቶ ያውቃል?»

ከወገቤ የሽመና ቢላዋዬን መዝዤ ሸራው ላይ የሣልከውን ዶክተር ከባርኔጣው እስከ ጫማው ሰነጠቅሁት። ቮውተር ከኋላ አነቀኝ፤ በክርኔ አፍንጫውን ሰበርኩት። ሩትኸር በቢራ ጽዋ ግንባሬን ፈነከተኝ። የእሳት መቆስቆሻውን አንሥቼ አፉን መታሁት፤ ጥርሱ ከደሙ ጋር ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ከወደቀም በኋላ ደገምኩት። አልጸጸትም።

ሸራውን ከፍሬሙ ገንጥዬ፣ ጠቅልዬ ወጣሁ። የመጠጥ ቤቱ ሰዎች እስከ ቤት ተከተሉኝ። መስኮቶቹን በድንጋይ አረገፉ። በተሰበረው መስኮት የሚነድ ጥብጣብ ማክቴልት አልጋ ላይ ጣሉ፤ በመዳፌ አጠፋሁት። ጽሕፈቴ የተጣመመው ለዚያ ነው። «አስመለሳት ወይስ አላስመለሳትም?» እያሉ ይጮሃሉ። መቆስቆሻውን ይዤ ልወጣ ስል ማክቴልት ተነሥታ ቀደመችኝ። በሌሊት ልብሷ እንዳለች በሩን ከፈተች።

«ሩትኸር፣ ና» አለችው። «ማርገዜን ማወቅ ከፈለግህ ቅረብ።»

የደማ አፉን በጨርቅ እንደያዘ ቀረበ። ሳል አጣደፋት። ደሟ ሽርጡን ሸፈነው።

«ልጄ ይኸውልህ» አለችው። «እቀፈው።»

ድንጋያቸውን እየጣሉ ሄዱ።

አልጋዋ ላይ መልሼ ሳስተኛት «አባዬ፣ ሥዕሉ ላይ ምን ለብሼ ነው?» አለችኝ።

«ቀይ ቀሚስ።»

«ጉንጬስ?»

«ቀይ ነው። የጤነኛ ሰው ጉንጭ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀደድከው?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። እሑድ ጠዋት ሞተች። ዶክተሩ መጥቶ የቀዘቀዘ እጇን ይዞ የደም ሥር ሲፈልግ፣ አንገቱን ይዤ ከደረጃው ላይ ወረወርኩት።

ሬሳ የሚሸከመው ጎረቤት ስለሆነ ሩትኸርም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ያበጠ አፉን ዘግቶ እስከ ጉድጓዱ አደረሳት። ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ። ካንተ ጋር ግን አልጨረስኩም።

ዶክተሩን፣ ብልቃጡን፣ ፍሙንና ጥብጣቡን፣ ራሴንም ጭምር ቆራርጬ ምድጃ ውስጥ ጨምሬአለሁ። እሷ ያለችበትን ቁራጭ አልነካሁትም፤ ቢላዋው ደንዞ ነበር። ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

ወደ ደጄ እንዳትመጣ። ከመጣህ የምትሥልበትን እጅ እሰብረዋለሁ፤ እስከዚያው እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ብርዱ ገብቷል። ከዚህ ጋር የላክሁልህ የሱፍ ብርድ ልብስ ድርብ ሽመና ነው፤ ደረትህን ሸፍንበት፤ ሳል ከጀመረህም ሳትውል ሳታድር ላክብኝ።

ስለ ሥዕሉ ግን አትጻፍልኝ። ላንተም፣ ለሰባኪውም፣ ለማንም ቢሆን እስክሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልናገርም።

አባትህ ኸይስብርት