ኑሩ ያጠፋው ፕለጊን

ሰኞ

ኑሩ፣ ኑሩ፣ ኑሩ። ዛሬም ሱቁ ውስጥ ከዚህ ስም ሌላ አልተጠራም። እዚህ ሳውዲ ላስመጣን አሠሪ፣ ለከፊላችን ለአቡ ሳሊም ነግሬ ያስቀጠርኩት እኔው ነኝ፤ የአገሬ ልጅ ነው ብዬ። የቡናና የማር መሸጫ ድረ ገጻችንን የሠራሁት እኔ መሆኔ ግን ተረስቷል። የኑሩ አረብኛም ከእኔ ይፈጥናል።

ከፊሉ ዛሬ ቁርጡን ነገረን። ለድረ ገጹ አንድ ሰው ይበቃል፤ ሌላው ፈይፋ ተራራ ወጥቶ መጋዘን ውስጥ ቡና ያሽጋል። ሐሙስ ይወስናል። እኔ ተራራ ላይ ጆንያ ልሰፋ? አይሆንም።

ማክሰኞ

ኑሩ «ገጹን ያዘገየው የሶላት ሰዓት የሚያሳየው ፕለጊን ነው፣ ላጠፋው ነው» አለኝ። የእኔ ኮድ ሰዓቱን የሚወስደው ከዚያው፣ ገጹ ላይ ከተጨመረው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በሶላት ጊዜ ዕቃ የሚያደርሱት ሾፌሮች መስጊድ ስለሆኑ ትእዛዝ ያቆማል። ልነግረው ይገባ ነበር። ዝም አልኩ።

አጠፋው፤ ገጹ ባዶ ነጭ ሆነ። ደስ አለኝ፤ እዚህ ምን እዋሻለሁ።

ከፊሉ ማን ነካው ብሎ ሲጮህ ኑሩ «እኔ ነኝ» አለ፤ ፕለጊኑን መልሶ አበራና ገጹ ተመለሰ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

ረቡዕ

ኮዴን ከፍቼ አየሁት። ፕለጊኑ መብራት አለመብራቱን ሳይጠይቅ በቀጥታ ይጠራዋል። በዚህ አገር የሶላት ሰዓት የሚያጠፋ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ!

መፍትሔው ትንሽ ነው። በርቶ ከሆነ ሰዓቱን ጠይቅ፤ ካልበራ ትእዛዙን ተቀበልና «ከሶላት በኋላ እናደርሳለን» በል። ግን ይህን ከጻፍኩ ኑሩ ልክ ሊሆን ነው። ዘጋሁት።

ምሳ ላይ ሩዝና ሥጋው፣ ከብሳው መጣ። ኑሩ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፍቶ «ብላ እንጂ ሰይዶ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጥሩ ሰው ላይ መቅናት ያደክማል።

ሐሙስ

ጻፍኩት። ፕለጊኑን በገዛ እጄ አጥፍቼ ሞከርኩ፤ ገጹ ምንም አልሆነ፣ እንዲያውም ፈጠነ። ለከፊሉም ኑሩ ልክ እንደነበረ፣ ጥፋቱ የእኔ ኮድ እንደሆነ ነገርኩት። አልገባውም፤ ወይ መስማት አልፈለገም።

«ኸላስ፣ በቃ ሰዒድ። አንተ ሠራኸው፣ አንተው ጠብቀው። ኑሩ ፈይፋ ይወጣል።»

የፈለግኩትን አገኘሁ። ራት ግን አልበላሁም።

ቅዳሜ

ጠዋት ፒክአፑ ኑሩን ይዞት ወጣ። እዚህ ጂዛን ሙቀቱ ላብ በላብ አድርጎኛል። ከሰዓት ፎቶ ላከልኝ፤ ጉም ውስጥ ጃኬት ለብሶ ይስቃል። «ገጹ እዚህ ተራራ ላይም ይፈጥናል ሰይዶ፣ አብሽር፣ አይዞህ» ብሎ ጽፎበታል።

በብርዱም ቀናሁበት።

ማክሰኞ ዕለት እያወቅኩ ዝም ማለቴን ጻፍኩለት። ገና አልላኩትም።